ክሮስኦቨሩ በነጻ ምርጫ ብቻ አላሸነፈም፤ ኤሌክትሪኩም አልከሸፈም

የመኪና ገበያ ወዴት እያመራ እንደሆነ የሚተነትን አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ጸሐፊው ነገሩን በቅርብ የሚከታተሉ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ ከጠቀሷቸው እውነታዎችም አብዛኞቹ ትክክል ናቸው። ከእውነታዎቹ ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ሰዎች ቀጣዩን መኪናቸውን ለመምረጥ ይህንኑ ጽሑፍ መጥቀስ ስለጀመሩ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም።

በመጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ክሮስኦቨር፣ ማለትም ከፍ ተደርጎ የተሠራው አውቶሞቢል፣ ውድድሩን ጨርሷል ይላሉ፤ ዝቅ ያለው አውቶሞቢልና ትንሿ መኪና ከገበያ የወጡት ገዢው በነጻ ፈቃዱ ስለተዋቸው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በድጎማ የቆመ ነው፣ ድጎማው ሲነሣ ይወድቃል፣ አምራቾቹም ይህን አውቀው ወደ ኋላ እየተመለሱ ነው ይላሉ። ኤሌክትሪክ ከመቶ ዓመት በፊትም ተሞክሮ መሸነፉን ለዚህ ማስረጃ አድርገው ያቀርባሉ። የመንገዱ መጨረሻ ሃይብሪድ (የነዳጅና የኤሌክትሪክ ሞተር ያጣመረ መኪና) ነው ይላሉ። የቅንጦት መኪና ገዢ የሞተር ድምፅና ስሜት ስለሚፈልግ ኤሌክትሪክን አይቀበልም፣ ስለዚህ ለነባሮቹ ኩባንያዎች አስተማማኙ መጠለያ ጥቂት መኪና በውድ ዋጋ መሸጥ ነው ባይ ናቸው። በመጨረሻም የቻይና አምራቾች ጉልበታቸው ርካሽነት ብቻ ስለሆነ ስምና ታሪክ ያላቸውን አይነኩም ብለው፣ አንባቢያቸውን «ሃይብሪድ ክሮስኦቨር ግዙና ተቀመጡ» ወደሚል ምክር ይመሩታል።

የኔ ዋና ተቃውሞ ይህ ነው። ጸሐፊው ክሮስኦቨርን፣ ቅንጦትንና ኤሌክትሪክን ሦስት የተለያዩ ታሪኮች አድርገው ነው ያዩዋቸው። ሦስቱ ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ የመጣ አንድ ታሪክ ናቸው። የኤሌክትሪክ መኪና በብዙ አገሮች የተንገዳገደው ሰው ኤሌክትሪክ መሆኑን ስለጠላው አይደለም። አምራቾቹ ገና ከመጀመሪያው ገዝፎ፣ ከብዶና ተወዶ ክሮስኦቨር ሆኖ እንዲመጣ ስላደረጉት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከክሮስኦቨሩ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነውና። በዓለም ላይ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ግማሽ ያህሉ ኤስዩቪና ክሮስኦቨር መሆናቸው እውነት ነው። ሰው ከፍ ብሎ መቀመጥ እንደሚወድም አልክድም። ጉልበቱ ለሚያመው አዛውንት ዝቅ ያለ መኪና ውስጥ መግባትና መውጣት ሥቃይ ነው፤ ሕፃን ልጅ ወንበሩ ላይ ለማሰር ወገብን ሰብሮ አለመጎንበስም ትልቅ እፎይታ ነው። ይህን ፍላጎት ማስታወቂያ አልፈጠረውም።

ፍላጎቱ መኖሩ ግን አምራቹ ለምን ሌላውን እንደተወ አያስረዳም። ክሮስኦቨር በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የሚሠራው የድሮው ኤስዩቪ አይደለም፤ የአውቶሞቢል አካል ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። በአሜሪካ ኤኤምሲ ኢግል በ1979 ሐሳቡን ሞከረው፤ ቶዮታ በ1994 በራቭ 4፣ ሆንዳ በ1995 በሲአር-ቪ ለብዙኃኑ አደረሱት፤ ሌክሰስ አርኤክስ በ1998 ቅንጦት ጨመረበት፤ ኒሳን ካሽካይ በ2007 አውሮፓን አስለመደው። የንግዱ ምሥጢር ከዚያ ጀምሮ አንድ ነው። መኪናው አብዛኛውን ዕቃ ከአውቶሞቢል ጋር ስለሚጋራ የማምረቻ ወጪው ብዙም አይጨምርም፤ የመሸጫ ዋጋው ግን በደንብ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ወደ አምራቹ ኪስ ይገባል።

ሕግም ወደዚያው ገፍቷል። በአሜሪካ የነዳጅ ቁጠባ ደንብ ብዙ ክሮስኦቨሮች የሚመደቡት ከቀላል የጭነት መኪኖች ጋር ስለሆነ የሚጠብቃቸው መስፈርት ላላ ያለ ነው። በተጨማሪም መስፈርቱ የሚሰላው በአራቱ ጎማዎች መካከል ባለው ስፋት ነው፤ መኪናው በገዘፈ ቁጥር ግዴታው ይቀላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ባለበት ገበያ ውስጥ ፎርድ በ2018 በሰሜን አሜሪካ ከሙስታንግ በቀር አውቶሞቢሎቹን እንደሚያቆም ሲያስታውቅ፣ ውሳኔውን የገዢ ምርጫ ብቻ አድርጎ ማንበብ ልክ አይመስለኝም።

ጸሐፊው ሊያስቡበት የሚገባው አንድ ምሳሌ አለ፤ ፎርድ ፊየስታ። ይህች ትንሽ መኪና በብሪታንያ ከ2009 እስከ 2020 በተከታታይ በሽያጭ አንደኛ ነበረች። ማንም አልተዋትም። በ2023 ግን ማምረቷ ቆመ። ስትሠራበት የነበረው የጀርመኑ የኮሎኝ ፋብሪካ በብዙ ወጪ ታድሶ ኤክስፕሎረር የሚባል የኤሌክትሪክ ክሮስኦቨር እንዲያመርት ተደረገ፤ ዋጋውም ከፊየስታዋ ጋር የሚቀራረብ አልነበረም። የፊየስታ ደንበኛ ወደ ኤክስፕሎረር አልተሻገረም፤ አቅሙ አይፈቅድለትማ። ፋብሪካው የጠበቀውን ያህል ስላልሸጠ ፈረቃና ሠራተኛ ወደ መቀነስ ሄደ። ጸሐፊው ይህንኑ ፋብሪካ ሰው ኤሌክትሪክ እንደማይፈልግ ማሳያ አድርገው ጠቅሰውታል። እኔ የማየው ሌላ ነው። አንድ ኩባንያ እጅግ የተወደደ ርካሽ ምርቱን ሰርዞ፣ በቦታው ውድና ትልቅ ነገር አስቀምጦ፣ ገዢው ሲቀር ጥፋቱን በባትሪው ላይ ጣለ።

ትንሽና ዝቅ ያለ መኪና ገዢ የለውም የሚለውንም ገበያው ራሱ ይመልሰዋል። በ2024 በአውሮፓ በሽያጭ አንደኛ የወጣችው ዳቺያ ሳንዴሮ ናት። ስቴፕዌይ የሚባል ከፍ ያለ ዓይነት እንዳላት አውቃለሁ፤ ሆኖም በመጠኗ ትንሽ፣ በዋጋዋም ከርካሾቹ ተርታ ናት። ሻኦሚ፣ ስልክ ሲሠራ የኖረው ኩባንያ፣ የመጀመሪያ መኪናውን ኤስዩ7ን በማርች 2024 ለገበያ ሲያቀርብ ክሮስኦቨር አልሠራም፤ ዝቅ ያለ አውቶሞቢል ነው የሠራው። በዚያው ዓመት ከ100,000 በላይ አስረክቧል። የሚፈለግ ዝቅ ያለ መኪና የሚሠራ ሰው ሲገኝ ገዢ ይገኛል።

የቅርጹ ጉዳይ ለኤሌክትሪክ መኪና የሞት ሽረት መሆኑን ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ አላነሣውም። ፍጥነት ሲጨምር የመኪናው ዋና ጠላት አየር ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ሰፊና ረጅም ግንባር ያለው መኪና ያንን ሁሉ አየር እየገፋ ነው የሚሄደው። የቤንዚን መኪና ይህንን ኪሳራ በማደያ ይከፍላል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ገና ሲገዛ ነው የሚከፍለው፤ ምክንያቱም ያንኑ ርቀት ለመሄድ የበለጠ ባትሪ መጫን አለበት። ባትሪው ይከብዳል፤ ክብደቱን ለመሸከም አካሉ መጠንከር፣ ጎማውና ፍሬኑ መተለቅ አለባቸው፤ ይህም መልሶ ክብደት ይሆናል። የዚህ መንገድ ጫፍ የጂኤምሲው ሀመር ነው። ኤሌክትሪኩ ሀመር ከ4 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ባትሪው ብቻውን 1.3 ቶን ገደማ ነው። ያ ባትሪ ከአንድ ሙሉ ፊየስታ ይበልጣል። ከተሞችም ይህንን ማስተዋል ጀምረዋል፤ ፓሪስ በፌብሩዋሪ 2024 ባደረገችው ሕዝበ ውሳኔ ለከባድ መኪኖች የማቆሚያ ክፍያ በሦስት እጥፍ እንዲጨምር አስወስናለች፤ በመሐል ከተማ በሰዓት 18 ዩሮ። ከ2 ቶን በላይ የሚመዝኑ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከክፍያው አላመለጡም።

አሁን ወደ ድጎማው ልምጣ። ጸሐፊው ጀርመንን አንስተዋል፤ ጥሩ ምሳሌ ነው። መንግሥት በዲሴምበር 2023 ድጎማውን በድንገት አቋረጠ፤ በ2024 የሙሉ ኤሌክትሪክ መኪኖች ሽያጭ ከ524,000 ወደ 380,000 አካባቢ ወረደ፤ 27 በመቶ ማለት ነው። መውደቁ እውነት ነው፤ ድጎማ ገበያን እንደሚገፋም አልክድም። ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። በ2025 ያ ድጎማ ሳይመለስ ሽያጩ ከ500,000 አልፎ ከ2023ቱም በለጠ። ለምን? ርካሽ ሞዴሎች ስለመጡ፣ የነበሩትም ዋጋቸው ስለቀነሰ። በዓመቱ የጠበቀው የአውሮፓ የብክለት ገደብ አምራቾቹን ዋጋ እንዲቀንሱ ማስገደዱን ለእውነት ስል እጨምራለሁ። ቢሆንም ገዢው ዋጋው ሲመጣጠን መጥቷል።

ኖርዌይም አለች። በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች 89 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ። ለዚህ የበቃችው ለዓመታት በቆየ የቀረጥ ነፃነት ነው፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ያው ጽሑፍ ኤሌክትሪክ መኪና በብርድ አይሠራም የሚል ክርክርም ይዟል። በብርድ ባትሪ የተወሰነ ርቀት ያጣል፤ ይህ አያከራክርም። ሆኖም ከዓለም ቀዝቃዛ አገሮች አንዷ፣ ያውም ነዳጅ ሻጭ የሆነችው፣ ሕዝቧ በሙሉ ወደማይሠራ ነገር እየዞረ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። በቻይና ብሔራዊው የግዢ ድጎማ በ2022 መጨረሻ ቆመ። የግዢ ግብር ምሕረቱ ቀጥሏል፤ በኋላም አሮጌ መኪና ለሚቀይር ማበረታቻ መጥቷል። በ2024 ግን ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ግማሽ ገደማው በገመድ ቻርጅ የሚደረጉ ነበሩ፤ ይህን ያህል ለውጥ በግብር ምሕረት ብቻ አይገለጽም።

በዓለም ደረጃ ቁጥሩን ስናይ፣ ፕለግ-ኢን ሃይብሪድን (በገመድ ቻርጅ የሚደረገውን ሃይብሪድ) ጨምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ሽያጭ በ2020 3 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ2024 ከ17 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ ከአምስት አዳዲስ መኪኖች አንዱ ማለት ነው። ከጀርባው ያለው ምክንያት የባትሪ ዋጋ ነው። በ2010 ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ የነበረው በ2024 ወደ 115 ዶላር አካባቢ ወርዷል። ኒኬልና ኮባልት የማያስፈልገው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ መስፋፋቱ ትልቅ ድርሻ አለው። ይህ የዋጋ ቅናሽ በማንም መንግሥት ውሳኔ አይቀለበስም።

የአምራቾቹ ማፈግፈግ እውነት ነው። ቮልቮ በ2030 ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ እሆናለሁ ያለውን በ2024 አለሰለሰ፤ ቤንትሌይ ከ2030 ወደ 2035 ገፋ፤ መርሴዲስ ዕቅዱን ከለሰ፤ ፖርሼ በ2025 አዲሱን ትልቅ ኤስዩቪውን በቅድሚያ በቤንዚንና በፕለግ-ኢን ሃይብሪድ እንደሚያወጣ ተናገረ። የአውሮፓ ኮሚሽንም በዲሴምበር 2025 ከ2035 ጀምሮ አዲስ የነዳጅ መኪና መሸጥን የሚከለክለውን ገደብ ላላ የሚያደርግ ሐሳብ አቅርቧል። በ2021 አካባቢ የተሰጡት ቀነ ቀጠሮዎች የተጋነኑ እንደነበሩ አምኜ እቀበላለሁ። ግን ዝርዝሩን በደንብ እንየው። ያፈገፈጉት በአብዛኛው ውድና ከባድ መኪና ሻጮች ናቸው። የእነርሱ ዕቅድ ዘገየ ማለት ገበያው ቀነሰ ማለት አይደለም፤ በዚያው ጊዜ ጠቅላላው ሽያጭ አድጓል። ስለ መኪና አከራዩ ኸርትዝ የተጻፈውም እንዲሁ ነው። ኩባንያው በ2021 100,000 ቴስላ አዝዞ በ2024 መጀመሪያ 20,000 የኤሌክትሪክ መኪና ለመሸጥ ወሰነ። ለኪሳራው አንድ ዋና ምክንያት ግን ቴስላ በ2023 የአዲሶቹን ዋጋ ደጋግሞ መቀነሱ ነው፤ አዲሱ ሲረክስ ያገለገለው አብሮ ይወርዳል። የጥገናው ወጪም ከባድ ነበር። ለአከራዩ ኪሳራ የሆነው የዋጋ መውደቅ ለገዢው ትርፍ መሆኑን ጽሑፉ ዘሎታል።

የመቶ ዓመቱ ታሪክ ደግሞ ከጽሑፉ ሁሉ በጣም የማረከኝ ክፍል ነው፤ የሚያረጋግጠው ግን የጸሐፊውን ሐሳብ አይደለም። በ1900 አካባቢ በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከመንገዱ ሰፊ ድርሻ ነበራቸው። ንጹሕና ጸጥተኛ ስለነበሩ ሀብታም ቤተሰቦች ይወዷቸው ነበር። ከዚያ በ1908 የፎርድ ሞዴል ቲ መጣ፤ በ1912 ደግሞ ካዲላክ በሞተሪኖ የሚነሣ መኪና አቀረበ፤ ክንድ የሚሰብረው የእጅ ማንቀሳቀሻ ቀረ። በዚያው በ1912 የቤንዚን መኪና በ650 ዶላር ሲገኝ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና 1,750 ዶላር ነበር። ኤሌክትሪክ ያኔ የተሸነፈው የሀብታም መኪና ሆኖ ስለቀረ ነው። ያ ልምድ ለዛሬ የሚያስተምረው ነገር ካለ፣ ቅንጦት ላይ የሙጥኝ ማለት ለየትኛውም የኃይል ምንጭ መጥፎ ስልት መሆኑን ነው።

ስለ ሃይብሪድ ብዙ አልከራከርም። ቶዮታ ፕሪየስን በ1997 ሲያወጣ የሠራው ሥራ ታላቅ ነው፤ ቤቱ ቻርጅ ማድረጊያ ለሌለው፣ በአፓርትመንት ለሚኖርና መኪናውን መንገድ ዳር ለሚያቆም ሰው ዛሬም ምክንያታዊው ምርጫ ሃይብሪድ ሊሆን ይችላል። ካምሪና ራቭ 4 በአሜሪካ በሃይብሪድ ብቻ ወደ መሸጥ መዞራቸውም የሚያስገርም አይደለም። የማልስማማው የመጨረሻ ጣቢያ መባሉ ላይ ነው። ሃይብሪድ ሁለት ሥርዓት ይሸከማል፤ ሞተርና ማርሽ፣ በላዩም ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር። ባትሪ በረከሰ ቁጥር ከሁለቱ ውድ ሆኖ የሚቀረው የነዳጁ ክፍል ነው። ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ ላይ ደግሞ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ያወጣው ሪፖርት የመንገድ ላይ ብክለታቸው በቤተ ሙከራ ከተለካው 3.5 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል፤ ብዙ ባለቤቶች ገመዱን ጠብቀው አይሰኩትም። ከሁሉ የሚያስተምረው የቻይናው ሊ አውቶ ነው። ትልልቅ የቤተሰብ ክሮስኦቨሮቹ የሚነዱት በኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ የነዳጅ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪ ይሞላል። በ2024 ብቻ 500,000 ያህል አስረክቧል። እንዲህ ያለው መኪና በመሠረቱ ኤሌክትሪክ ነው፤ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያው ሲበዛ ጄኔሬተሩን መተው ይቻላል። ኩባንያውም በ2025 ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የሆኑ ኤስዩቪዎችን ማውጣት ጀምሯል።

የቅንጦቱ ክርክር ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የጽሑፉ ልብ ያለው እዚያ ነው። ጸሐፊው የሞተርን ድምፅ የሚገልጹበት አንቀጽ ከልብ የተጻፈ ነው፤ ስሜቱን እጋራዋለሁ። የፌራሪ ገዢ የሚከፍለው ለዚያ ድምፅ መሆኑን ማንም አይክድም። ቅንጦት ግን ፌራሪ ብቻ አይደለም። ሮልስ ሮይስ ስሙን የገነባው በጸጥታ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ቻርልስ ሮልስ ራሱ በ1900 የኤሌክትሪክ መኪናን ድምፅ አልባነትና ንጽሕና አድንቆ፣ እንቅፋቱ የቻርጅ ማድረጊያ ቦታ እጦት መሆኑን ተናግሮ ነበር። ኩባንያው በ2023 የኤሌክትሪክ መኪናውን ስፔክተርን ማስረከብ ሲጀምር ከታሪኩ አልወጣም፤ መሥራቹ ይመኘው የነበረውን ነው የሠራው።

የፖርሼ ነገር የተደባለቀ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናው ታይካን በ2024 ሽያጩ በግማሽ ያህል ወርዷል፤ ያገለገለውም ዋጋው ክፉኛ ይወድቃል። ይህንን ጸሐፊው በትክክል አንስተዋል። ማካን የሚባለውን ኤስዩቪውን ግን አላነሡም። በ2025 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ከተሸጡት ማካኖች ከግማሽ በላይ ኤሌክትሪክ ነበሩ። የቤንዚኑ ማካን በሳይበር ደኅንነት ደንብ ምክንያት ከአውሮፓ ኅብረት ገበያ መውጣቱ ቁጥሩን አግዞታል፤ ገዢው ግን ሌላ ኩባንያ ጋ መሄድ እየቻለ ኤሌክትሪኩን ወስዷል። በ2002 ካየን የተባለው ኤስዩቪው ሲወጣም የፖርሼን መንፈስ ገደለ ተብሎ ነበር። ዛሬ ካየንን የፖርሼ መታደጊያ አድርገው የሚያቀርቡት እኒሁ ጸሐፊ ናቸው።

መጠለያ የሚለው ሐሳብ ግን ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ኩባንያዎችን ሊጎዳ የሚችል ምክር ነውና። ጥቂት ሸጦ ብዙ ማትረፍ ለፌራሪ ይሠራል፤ በ2024 ያስረከበው 14,000 እንኳ አይሞላም። ወደ 2 ሚሊዮን መኪና ለሚሸጠው መርሴዲስ አይሠራም። መርሴዲስ በ2022 ትኩረቱን ወደ ላይኛው ቅንጦት እንደሚያዞር አስታውቆ ነበር፤ በ2024 ግን የዚያው የላይኛው መደብ ሽያጭ ቀነሰ። ፖርሼ በቻይና በ2021 ከ95,000 በላይ ሸጦ በ2024 ወደ 57,000 ወርዷል።

ምክንያቱ የምጣኔ ሀብት መቀዝቀዝ ብቻ አይመስለኝም። የቅንጦት መኪና ለመቶ ዓመት ሲሸጥ የኖረው ጸጥታን፣ የማይንገጫገጭ ጉዞንና ከእግር ጋር አብሮ የሚታዘዝ ጉልበትን ነው። እነዚህን በነዳጅ ሞተር ለማምጣት ባለ ስምንት ወይም ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተር፣ ውስብስብ ማርሽና የብዙ ዓመት ጥበብ ይጠይቅ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር ሦስቱንም ከተፈጥሮው ይዞ ይመጣል። የሻኦሚ ፈጣኑ ኤስዩ7 ከቆመበት ተነሥቶ 100 ኪሎሜትር በሰዓት ለመድረስ 3 ሰከንድ አይሞላውም፤ የአንድ ኩባንያ የመጀመሪያ መኪና ነው። እንግዲህ ድሮ ብርቅ የነበረው ነገር ተራ ሲሆን ምን ይቀራል? የውስጡ ሥራ፣ ቆዳው፣ እንጨቱ፣ መቀመጫው፣ ሶፍትዌሩ፣ ከሽያጭ በኋላ ያለው አገልግሎት ይቀራል። እነዚህ ደግሞ አዲስ ወደ ገበያው የገባ ኩባንያ ሊማራቸው የሚችላቸው ናቸው።

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥብ ያደርሰኛል፤ እሱ ላይ አልቆይም። የቻይና አምራቾች ስምና ታሪክ ያላቸውን አይነኩም የሚለውን ክርክር ሌክሰስ መልሶታል። ቶዮታ በሌክሰስ ስም ኤልኤስ 400ን በ1989 ሲያቀርብ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ በ1991 ግን ሌክሰስ በአሜሪካ ከውጭ ከሚገቡ የቅንጦት መኪኖች በሽያጭ ቀዳሚ ሆነ። የቻይናው ቢዋይዲም ርካሽ ብቻ አይደለም፤ ባትሪውን ራሱ ይሠራል፣ በማርች 2022 በነዳጅ ብቻ የሚሄድ መኪና ማምረት አቁሟል፣ በ2024 ከ4 ሚሊዮን በላይ ሸጧል። በሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ሽያጭም በ2025 ቴስላን አልፏል። በቻይና ያለው የዋጋ ጦርነት ብዙ ኩባንያዎችን እንደሚያጠፋ፣ አሜሪካና አውሮፓ በ2024 የጣሉት ተጨማሪ ቀረጥም መንገዱን እንደሚያከብደው እስማማለሁ። ቀረጥ ግን ጊዜ ይሰጣል እንጂ የሚወዳደር መኪና አይሠራም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የጸሐፊውን ምክር እንየው። ቻርጅ ማድረጊያ በአቅራቢያው ለሌለውና በየጊዜው ረጅም ርቀት ለሚጓዝ ሰው ሃይብሪድ ልክ ነው፤ ክሮስኦቨር የሚያስፈልገው ከሆነም ይግዛ። ማታ መኪናውን ሰክቶ ማደር ለሚችልና በቀን ጥቂት አሥር ኪሎሜትሮች ለሚነዳ ግን ምክሩ ያከስረዋል፤ በተለይ አሁን፣ ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ዋጋ በወረደበትና በ2025 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና የተባለችው ሬኖ 5፣ እንዲሁም ከ25,000 ዩሮ በታች የጀመረችው ሲትሮኤን ሲ3 ዓይነት ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች በመጡበት ጊዜ። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ስለ እነዚህ ትንንሾች የሚሉትን ለመስማት እጓጓለሁ፤ በዚህኛው ውስጥ አንዷም አልተጠቀሰችም።